ሕንፃው በወደቀበት የበቀለ አደባባይ

በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኒውዮርክ ውስጥ ለአንዳንድ የቤት ባለቤቶች ቤታቸውን ከማከራየት ይልቅ ማቃጠል ያዋጣቸው ነበር። በማንሃተን ደቡብ ምሥራቅ፣ አቬኑዎቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየተባሉ በፊደል የሚጠሩበት ሰፈር፣ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ፎቅ ያረጁ የኪራይ ቤቶች የታጨቁበት ነው። ኪራዩ ትንሽ፣ ጥገናው ብዙ ነው፤ ባንክም ለሰፈሩ አያበድርም። ባለቤቱ መጀመሪያ ማሞቂያውን ያጠፋል። ቀጥሎ ግብር መክፈል ያቆማል። ቤቱ ኢንሹራንስ ካለው ደግሞ አንድ ሌሊት እሳት ይነሣል። ግብር ያልተከፈለበትን ቤት ከተማው ይወርሰዋል፣ ያፈርሰዋል፣ ጡቡንም እዚያው ምድር ቤቱ ላይ ደልድሎ ይሄዳል። በ1975 የከተማው አስተዳደር ራሱ ለኪሳራ አንድ ሐሙስ የቀረው ስለነበር ፍርስራሹን ማን ያንሣው የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ባለሥልጣን አልነበረም።

ከሰፈሩ ነዋሪ ብዙው ፖርቶ ሪካዊ ነበር። ፖርቶ ሪኮ ከ1898 ጀምሮ በአሜሪካ ሥር ያለች የካሪቢያን ደሴት ስትሆን ሕዝቧ ከ1917 ወዲህ የአሜሪካ ዜግነት አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደሴተኞች የኒውዮርክን ፋብሪካ ተስፋ አድርገው መጡ። ብዙዎቹ ወላጆች ሸንኮራ ሲቆርጡና ቡና ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው፤ ልጆቹ ግን አስፋልት ላይ አደጉ። ፋብሪካዎቹ ከተማውን ለቀው መሄድ ሲጀምሩ ዱላው ያረፈው በእነዚህ ልጆች ላይ ነው። የሰፈሩን የእንግሊዝኛ ስም፣ ሎወር ኢስት ሳይድን፣ በራሳቸው አንደበት ሎይሳይዳ አሉት። ቢምቦ ሪቫስ የሚባል የሰፈሩ ገጣሚ በ1974 በዚሁ ስም ግጥም ጻፈለት፤ ከተማውም በ1987 አቬኑ ሲን ሎይሳይዳ አቬኑ የሚል ተደራቢ ስም ሰጠው።

ዛሬ ብዙ ሰው የኒውዮርክን የሰፈር አትክልት ቦታዎች የአበባ ወዳጆች ሥራ አድርጎ ያወራል። የሎይሳይዳው ታሪክ ግን የሚነሣው ከጎረምሶች ጠብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሰፈሩ ወጣቶች በየጎዳናው ተቧድነው ይፋለሙ ነበር። ካርሎስ ጋርሲያ፣ ሰፈሩ በሙሉ ቺኖ የሚለው፣ ያደገው በዚህ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ እሱና ጓደኞቹ ጠቡን ትተው “እውነተኛው ታላቁ ኅብረተሰብ” የሚል ማኅበር መሠረቱ። ስያሜው ሽሙጥ አለበት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1964 “ታላቁ ኅብረተሰብ” በሚል ስም ድህነትን የማጥፋት ፕሮግራም አውጀው ነበርና እነ ቺኖ “እውነተኛው” የምትለዋን ቃል ጨምረው መለሱላቸው። ማኅበሩ የጎዳና ዩኒቨርሲቲ የተባለ ትምህርት ቤትም ከፈተ። የሚያውቅ ያስተምራል፣ የፈለገ ይማራል፤ ከማርሻል አርት እስከ ሙዚቃ ሁሉም ነበረው።

ከዚሁ ማኅበር በ1970 ገደማ ቻራስ ወጣ። ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ የስድስት መሥራቾች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ድምር ነው፤ ቺኖ፣ ኡምቤርቶ፣ አንጄሎ፣ ሮይ፣ አንቶኒ እና ሳል። እነዚህ ወጣቶች ባክሚንስተር ፉለርን አገኙ። ፉለር በ1967ቱ የሞንትሪያል የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የአሜሪካን ግዙፍ ክብ ድንኳን የነደፈ፣ ስሙ በዓለም የታወቀ መሐንዲስና ፈልሳፊ ነው። የእሱ ጉልላት በሦስት ማዕዘኖች መረብ የተሠራ ነው። አንዱ ማዕዘን ላይ ያረፈው ክብደት ወደ ጎረቤቶቹ ስለሚከፋፈል በመሐሉ ምሰሶ አያስፈልገውም፤ በትንሽ ቁሳቁስም ብዙ ቦታ ይሸፍናል። ገንዘብ ለሌለው፣ ባዶ መሬት ግን ለሞላው ሰፈር የታሰበ ይመስል ነበር። ችግሩ ስሌቱ ነው። መደበኛ ትምህርታቸውን ያቋረጡ ልጆች ከፉለር ረዳት ጋር ተቀምጠው የሉል ትሪጎኖሜትሪ ተማሩ፤ መጀመሪያ ትንንሽ ሞዴል፣ ኋላም ማንሃተን ድልድይ አጠገብ ባለ ባዶ መሬት ላይ እውነተኛውን ጉልላት አቆሙ። ፎቶ አንሺው ሳይየስ ሞተል ሥራውን ተከታትሎ በ1973 መጽሐፍ አወጣበት።

እውነቱን ለመናገር ጉልላቱ የሰፈሩን የቤት ችግር አልፈታም። ልጆቹ ግን ባለቤት የራቀው መሬት ላይ ገብቶ ማጽዳትን፣ መለካትን፣ መገንባትን፣ ፖሊስና የከተማ ሹም ሲመጣ ቆሞ ማስረዳትን ተማሩበት። ለቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት የሚያስፈልጋቸው ሙያ ይኸው ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ በእግር ብዙም በማያስኬድ ርቀት፣ ሊዝ ክሪስቲ የምትባል ሠዓሊ ሌላ ሥራ ይዛለች። በ1973 ባወሪና ሂውስተን ጎዳናዎች ጥግ ላይ ያለውን የቆሻሻ መጣያ ከጓደኞቿ ጋር ጠርጋ ስልሳ መደብ አትክልት ተከለችበት። ቡድኑ ራሱን አረንጓዴ ሸማቂዎች አለ። ስሙ የመጣው ካደረጉት ነው። አጥር የታጠረበትና በሩ የተቆለፈበት ባዶ መሬት ሲያጋጥማቸው ፊኛ ወይም የገና ዛፍ ጌጥ የሆነችውን ስስ ኳስ በዘር፣ በማዳበሪያና በውኃ ሞልተው አጥሩን አሻግረው ይወረውሩ ነበር። ኳሷ ጡብ ላይ ፍርክስ ትላለች፤ ዘሩ እርጥበቱንና ምግቡን ይዞ ይበተናል፤ ዝናብ ከረዳው ይበቅላል። “የዘር ቦምብ” ይሉታል። ከተማው በ1974 የባወሪውን ቦታ በወር 1 ዶላር አከራያቸው።

አትክልተኛ የሆነ አንባቢ መደብ የሚለውን ቃል አይለፈው። የፈረሰ ሕንፃ ሥር ያለው መሬት አፈር አይባልም። ጡብ፣ ኖራ፣ ምስማር፣ እርሳስ ያለበት የድሮ ቀለም ስብርባሪ ነው። ጎመን እዚያ ላይ መትከል መርዝ መብላት ነው። ስለዚህ በሣንቃ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ ከሌላ ቦታ የመጣ አፈርና ፍግ መሙላት ግድ ይሆናል። አትክልቱ ከመታየቱ በፊት ያለው ይህ የአካፋና የጋሪ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበቱ ደግሞ ወጣቶቹ ዘንድ ነበር።

ከሰፈሩ ምሥራቅ ያለውን ወንዝ ተሻግሮ ብሩክሊን ውስጥም ይህን የተረዱ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ ሃቲ ካርታን በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ካለፈ በኋላ፣ የቤድፎርድ ስታይቬሰንት ሰፈራቸው ዛፎች አንድ በአንድ ሲያልቁ አይተው ጎረቤት አደራጁ። ዛፍ መትከሉን ብቻ ሳይሆን ማሳደጉን እንዲይዙ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው የዛፍ ጓድ አቋቋሙ፤ ልጆቹ ችግኝ መንከባከብን ተማሩ። በእሳቸው ዘመቻ ከ1,500 የማያንሱ ዛፎች ተተክለዋል። እንዲሁም ከአንድ ቤት በር ላይ የቆመች አንዲት አሮጌ የማግኖሊያ ዛፍ እንዳትቆረጥ ተሟግተው በ1970 በቅርስነት አስመዘገቧት።

ሁለቱ መንገዶች፣ የእነ ቺኖ ግንባታና የእነ ክሪስቲ ዘር፣ በ1976 አቬኑ ሲ እና ዘጠነኛው ጎዳና በሚገናኙበት ጥግ ላይ ተገናኙ። ቦታው ከተማው ሕንፃዎች ያፈረሰበት ሰፊ መሬት ሲሆን ፍራሽ፣ ጎማ፣ የወላለቀ መኪና ተከምሮበታል። ቻራስ፣ ጎረቤቶቹና ሸማቂዎቹ ደቦ ወጡ። ቆሻሻው ከተነሣ በኋላ ክሪስቲ የዘር ቦምቧን በተነች፤ አኻያና ሊንደን ዛፎችም ተተከሉ። አኻያ ውኃ ወዳድ ነው፤ ይህ የሰፈሩ ምሥራቃዊ ጫፍ ደግሞ ከተማ ሳይሠራበት የባሕር ውኃ የሚገባበት ረግረግ ነበር። ከጡቡ ሥር ያለውን እርጥበት ሥሩ አገኘውና ዛፎቹ በጥቂት ዓመታት ከአጥሩ በላይ ሄዱ። ፉለርም መጥቶ በጉልላት ሥራ አገዘ። ስሙን ላ ፕላሳ ኩልቱራል፣ የባህል አደባባይ፣ አሉት።

አደባባይ ያለ መድረክ አይሆንም። መድረኩን ለመሥራት የመጣው ጎርደን ማታ ክላርክ ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተምሮ ሕንፃ ከመሥራት ይልቅ ሕንፃ መቁረጥን የመረጠ ሰው ነው፤ በ1974 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊፈርስ የነበረ አንድ ቤት በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ በጥበቡ ዓለም ስሙን ተክሏል። ሎይሳይዳ ሲመጣ ግን መጋዙን አስቀመጠ። ከተጣሉ ሕንፃዎች የተለቀመ ቁሳቁስና የባቡር ሐዲድ የሚያርፍባቸውን ወፋፍራም እንጨቶች እየደረደሩ እርከን እርከን ያለው አምፊቲያትር ተሠራ። እያንዳንዱ እንጨት ለሁለት ሰው የሚከብድ፣ ዘይትና ሬንጅ የጠጣ፣ ለመበስበስም ዓመታት የሚፈጅበት ነው። የሰፈሩ ሰው ቲያትሩን፣ ግጥሙንና ከበሮውን ያየው በእነዚህ እንጨቶች ላይ ተቀምጦ ነው።

ማታ ክላርክ በዚህ ብቻ ሊቆም አላሰበም። በ1977 የጉገንሃይም ፋውንዴሽን የገንዘብ ድጋፍ ያገኘበት ዕቅድ ለሎይሳይዳ ወጣቶች ማዕከል ለማቋቋም ነበር፤ ልጆቹ የተጣለ የሕንፃ ቁሳቁስን እየለቀሙ ሰፈራቸውን ራሳቸው እንዲጠግኑ ማሠልጠን። ለሙዚየም የሚሆን ሥራ እንዲሠራበት የሚጠበቅን ገንዘብ ለሰፈር ልጆች ሙያ ማዋል ያን ጊዜ እንግዳ ነበር። ዕቅዱ አልተፈጸመም። ማታ ክላርክ በነሐሴ 1978 በቆሽት ካንሰር በ35 ዓመቱ አረፈ። የሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የተሰነጠቀውን ቤት ደጋግመው ያትማሉ፤ የሎይሳይዳውን አምፊቲያትር ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል፤ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

አካባቢው በሙሉ ያኔ የሙከራ ሜዳ ሆኖ ነበር። ሁለት ጎዳና ከፍ ብሎ፣ አሥራ አንደኛው ላይ፣ የተቃጠለ ሕንፃ በራሳቸው ጉልበት ያደሱ ነዋሪዎች በ1976 ጣሪያው ላይ በነፋስ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከሉ። የመብራት ኩባንያው ተቃወመ፤ ክርክሩ ግን በነዋሪዎቹ አሸናፊነት አለቀና ትርፉን ኃይል ወደ ከተማው መስመር እንዲልኩ ተፈቀደላቸው።

በ1978 ከተማው ነገሩ ከቁጥጥሩ እየወጣ መሆኑን አይቶ ግሪን ተምብ የሚባል ፕሮግራም ጀመረ። ባዶ መሬት ላይ ያለማችሁ ሁሉ ተመዝገቡ፤ በዓመት በ1 ዶላር እናከራያችኋለን፤ አፈርና እንጨት እንረዳችኋለን። መልካም ነገር ነው። ውሉ ግን ጊዜያዊ ነው፤ ከተማው መሬቱን ሲፈልገው አስለቅቆ መውሰድ ይችላል። መሬቱ ዋጋ ባልነበረው ጊዜ ይህን አንቀጽ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ቻራስ በ1979 ሌላ በር ከፈተ። ከላ ፕላሳ በዚያው ዘጠነኛ ጎዳና ትንሽ ወደ ምዕራብ አለፍ ብሎ ቁጥር 605 ላይ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የተሠራ ትልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። በ1977 ከተዘጋ ወዲህ የውኃ ቧንቧውና ሽቦው እየተነቀለ ይወሰድ ነበር። ወጣቶቹ ገብተው አጸዱት፣ ጠገኑት፤ ኤል ቦሂዮ፣ ጎጆው፣ ብለው ሰየሙት። የመማሪያ ክፍሎቹ የሥዕል ስቱዲዮ፣ የቲያትር መለማመጃ፣ የፊልም ማሳያ፣ የብስክሌት መጠገኛ ሆኑ። ክረምት ሲመጣና አደባባዩ በበረዶ ሲሸፈን ሥራው ወደ ጎጆው ይገባል፤ በጋ ሲሆን ወደ አኻያዎቹ ሥር ይወጣል።

የ1980ዎቹን ዓመታት በጥሩ ማውራት አይቻልም። ሄሮይን በየአቬኑው በግልጽ ይሸጥ ነበር። ፖሊስ በ1984 በዘመቻ ገባ፤ ከፖሊሱ ቀጥሎ የገቡት ገንዘብ ያላቸው ናቸው። የሥዕል ጋለሪዎችና ቡና ቤቶች ተከፈቱ፤ ኪራይ ናረ። ትናንት ማንም የማይፈልገው ባዶ መሬት ዛሬ ፈላጊው በዛ። በጥር 1986 ኤልድሪጅ ጎዳና አጠገብ አዳም ፐርፕል የሚባል ሰው ለአሥር ዓመት በክብ በክብ ቅርጽ ያለማው የኤደን ገነት በቡልዶዘር ተጠረገ። ላ ፕላሳንም ገንቢዎች ዓይናቸውን ጣሉበት፤ ሰፈሩ በሰልፍና በክስ ተከላከለ።

ትልቁ ማዕበል የመጣው ከተማው መሬቱን በሐራጅ መሸጥ በያዘበት በከንቲባ ሩዶልፍ ጁሊያኒ ዘመን ነው። የከተማው መከራከሪያ ቤት ያስፈልጋል የሚል ነበር። ሰፈሩ ቤት እንደቸገረው ማንም አይክድም፤ በአትክልት ቦታዎቹ ውስጥም ስለዚህ የሚጨነቅ ሰው ሞልቶ ነበር። ሆኖም ሐራጁ መሬቱን ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ ስለነበር ለድሃ ቤት ይሠራበታል የሚል ዋስትና አልነበረውም። በሐምሌ 1998 ኤል ቦሂዮ ለጨረታ ቀረበ። በፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት በተካሄደው ጨረታ ላይ ተቃዋሚዎች በሺህ የሚቆጠሩ ፌንጣዎች ለቀቁ፤ ተጫራቹ ወንበር ላይ ወጣ፣ አዳራሹ ተተራመሰ። ነፍሳቱ ከተጠረጉ በኋላ ግን ጨረታው ቀጠለና ሕንፃው በ3.15 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ገንቢ ተሸጠ።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1999፣ ከተማው ከመቶ በላይ የአትክልት ቦታዎችን በአንድ ሐራጅ ሊሸጥ ቀን ቆረጠ። ሽያጩ ሊካሄድ ጥቂት ሲቀረው ትረስት ፎር ፐብሊክ ላንድ የተባለው ድርጅትና ዘፋኟ ቤቲ ሚድለር ያቋቋመችው ኒውዮርክ ሪስቶሬሽን ፕሮጀክት 4.2 ሚሊዮን ዶላር አዋጥተው ቦታዎቹን ገዙ። የዳነው ግን ሁሉም አይደለም። ሰባተኛው ጎዳና ላይ የነበረችው ኤስፔራንሳ፣ ተስፋ ማለት ነው፣ ከዚህ ግዢ ውጭ ቀረች። ወጣቶች ኮኪ የምትባለዋን የፖርቶ ሪኮ እንቁራሪት በግዙፍ ቅርጽ ሠርተው በር ላይ አቆሙ፤ በሆዷ ውስጥ ሌሊቱን እየተፈራረቁ ዘብ አደሩ። በየካቲት 2000 ቡልዶዘሩ መጣ። የክልሉ ዐቃቤ ሕግ እግድ እየጠየቀ ሳለ፣ ዳኛው ውሳኔ ሳይሰጥ፣ ቦታው ተጠረገ። እግዱ ሲወጣ የሚታገድ አትክልት አልነበረም፤ ለቀሩት ቦታዎች ግን ጋሻ ሆናቸው።

ቻራስ ከኤል ቦሂዮ የተባረረው በታኅሣሥ 2001 መጨረሻ፣ ጁሊያኒ ሥልጣን ሊለቅ ቀናት ሲቀሩት ነው። በ2002 አዲሱ ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግና ዐቃቤ ሕጉ ስምምነት ተፈራርመው በመቶዎች የሚቆጠሩ የአትክልት ቦታዎች ከሽያጭ ተረፉ፤ ላ ፕላሳም በዚያው ዓመት ዋስትና አገኘ። ከኤል ቦሂዮ መሥራቾች አንዱ የሆነው፣ በሰፈሩ ፖለቲካም የተመረጠው አርማንዶ ፔሬስ ግን ይህን አላየም፤ በ1999 ኩዊንስ ውስጥ ተገድሏል። በ2003 አደባባዩ በስሙ ተሰየመ።

ወጣቶቹ የተማሩትን ሙያ ያህል የመሬት ወረቀትን ቢያሳድዱ ኖሮ ጎጆውም ይተርፍ ነበር ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ በ1979 ግን ያንን ወረቀት ማግኘት ቀላል አልነበረም። ለአትክልተኞቹም ቢሆን ከተማው መሬት በዶላር ያከራያል እንጂ አይሰጥም ነበር። ልዩነቱን ያመጣው አጋጣሚና ጊዜ ነው። አትክልት ቦታዎቹ ሲነኩ ከዘፋኝ እስከ ዐቃቤ ሕግ የሚቆምላቸው ተገኘ፤ ለአሮጌ ትምህርት ቤት ያንን ያህል ሰው አልተገኘም። ሕንፃው በ2006 በቅርስነት ቢመዘገብና እንዳይፈርስ ቢደረግም፣ ቻራስ ከወጣበት ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ ባዶውን ቆሟል።

አደባባዩ ግን ሥራ አልፈታም። የአጥሩ ጫፍ ላይ ሮላንዶ ፖሊቲ የሚባለው የሰፈሩ አርቲስት ከቆርቆሮና ከፕላስቲክ ዕቃ እየቆረጠ የሠራቸው አበቦች ተሰክተዋል፤ በረዶ ቢወርድም አይረግፉም። በጥቅምት 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ወንዙን ሲያጎርፈው ጨው ያለው ውኃ አቬኑ ሲን ሞልቶ አደባባዩም ውስጥ ገባ፤ የድሮው ረግረግ ለአንድ ሌሊት ተመለሰ ማለት ይቻላል። አትክልተኞቹ እንደገና አካፋ ያዙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ እዚያው አቬኑ ላይ፣ የእነዚህን መሬቶች ታሪክ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ሙዚየም በነዋሪዎች ተከፍቷል።

ዛሬ በግሪን ተምብ ሥር ያሉት የኒውዮርክ የሰፈር አትክልት ቦታዎች ከ550 በላይ ናቸው። ኒውዮርክ የሚኖር ወይም የሚሄድ አንባቢ ላ ፕላሳን ማየት ቢፈልግ ከአቬኑ ሲ እና ከዘጠነኛው ጎዳና ጥግ ያገኘዋል፤ በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ በሩ ክፍት ነው፤ መግቢያ አይከፈልም።